ካርቱን ሁሉ ለልጆች ነውን?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእናቴ የማኅበር ተራ በአንድ እሑድ እኛ ቤት ደረሰ። እንዲህ ያለውን ቀን የምታውቁ እናቶች እንደምትረዱልኝ፥ ሥራ በበዛ ቁጥር ልጅ ከእግር ሥር አይጠፋም። ወጡ ሲማሰል ይመጣል፤ ድፎው ሲወጣ ይመጣል፤ እንግዳ ሲገባማ ይብስበታል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄና የስድስት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ሲሯሯጡ ጀበናውን ሊያስሰብሩኝ ለጥቂት ስለ ተረፍኩ፥ እጃቸውን ይዤ መኝታ ቤት አስገባኋቸውና ትንሹን ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ሰክቶት የሄደ ፍላሽ በቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። ዝርዝሩን ሳየው ሁሉም ሥዕል ነው። የመጀመሪያውን ነካሁት። የገና ዛፍ፥ ከዛፉ ሥር የተደረደረ ስጦታ፥ የሌሊት ልብስ የለበሱ ወንድምና እህት ታዩኝ።

«ካርቱን ነው፤ አርፋችሁ እዩ» ብዬ በሩን ዘግቼ ወደ ማጀት ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ያህል ድምፃቸው ሳይሰማ ቀረ። እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ በልቤ አመሰገንኩ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ አልተኛም አለ። መብራቱ እንዳይጠፋ ለመነ፤ መስኮቱ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ አየ። በመጨረሻም በእኔና በአባቱ መካከል ገብቶ ከተኛ በኋላ፥ እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ስገላበጥ በጨለማው ውስጥ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እማዬ፥ ፖሊሱ ልጆቹን ለምን ገደላቸው?»

የትኛው ፖሊስ? የትኞቹ ልጆች? ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «አሻንጉሊት ዳይኖሰር የያዘውን» አለኝ። ከዚያ በላይ ሊናገር አልፈለገም።

በማግሥቱ የእህቴን ልጅ በስልክ ጠርቼ በቁጣ አስተናገድኩት። እሱ ግን በጨዋ ደንብ አስጨርሶኝ ሲያበቃ፥ «አክስቴ፥ እኔ መቼ ለልጆች አሳዪልኝ አልኩሽ? የትልልቅ ሰው ፊልም ነው። ሥዕል ስለ ሆነ ነው እንዴ የተታለልሽው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ፍላሹን የሰካ እሱ ቢሆንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ለዚህ ዓምድ አንድ የውግዘት ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነገሩን ለመዝጋት ነበር። ሆኖም ያላዩትን ነገር ማውገዝ ከሥራዬ ጋር የሚሄድ ስላልመሰለኝ፥ ልጁ ከተኛ በኋላ እየተቀመጥኩ በስድስት ሌሊት በፍላሹ ላይ ያሉትን ሃያ ስድስቱንም አየሁ። ባለቤቴ በሁለተኛው ላይ አንቀላፋ።

የፊልሙ ስም «ፍቅር፥ ሞትና ሮቦቶች» ማለት ነው። አሜሪካዊው ቲም ሚለር የፈጠረው ሲሆን፥ የታወቀው ዳይሬክተር ዴቪድ ፊንቸርም ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የመጀመሪያዎቹን 18 ፊልሞች አቀረበ፤ በ2021 ስምንት፥ በ2022 ዘጠኝ፥ በ2025 ደግሞ አሥር ተጨመሩ። ተከታታይ ይባል እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር አይያያዝም። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ፥ የራሱ ሠዓሊዎችና የራሱ አሳሳል ያለው አጭር ፊልም ነው፤ አብዛኞቹም ሃያ ደቂቃ አይሞሉም። አንዱ በእጅ የተሣለ ይመስላል፤ ሌላው ደግሞ የሰውን የቆዳ ቀዳዳ ሳይቀር አጉልቶ ስለሚያሳይ ሥዕል መሆኑን እስከ መርሳት ያደርሳል። ታሪኮቹ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰዱት ከታወቁ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች አጫጭር ድርሰቶች ነው።

በኔትፍሊክስ ላይ ፊልሙ ሲከፈት ለአዋቂዎች ብቻ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት አለው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገለበጠ በፍላሽ ሲዞር ግን ያ ምልክት አብሮ አይሄድም። የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊልሞቹን በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ስለ ደረደራቸው፥ የገና ዛፉ ፊደሉ ቀድሞ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በነገራችን ላይ፥ በዚያ ፊልም ውስጥ ስጦታ ይዞ የመጣው ሽማግሌ ሳይሆን ለሀጩ የሚዝረበረብ አውሬ ነው። ልጆቹን አሽትቶ ጥሩ ልጆች መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ስጦታቸውን ከሆዱ አውጥቶ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም አልጋቸው ላይ ሆነው፥ ጥሩ ባንሆን ኖሮ ምን ያደርገን ነበር እያሉ ይቀራሉ። ለአዋቂ ቀልድ ነው። እኔም ሳላስበው ሣቅሁ፤ ሣቄንም የሰማብኝ ሰው እንዳለ ዘወር ብዬ አየሁ።

አሁን ፍርዴን ልስጥ። ብዙውን አልወደድኩትም። ደሙ ከልክ በላይ ነው፤ የብዙዎቹ ደራሲዎች ሐሳብ ያለቀበት ቦታ ላይ ጥይት ይተኮሳል። ከዚያ ይበልጥ ያናደደኝ ግን የሴት ገላ አያያዝ ነው። በመጀመሪያው ዙር ላይ «ምስክሯ» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም አለ። አንዲት ሴት በመስኮቷ ትይዩ ባለው ቤት ነፍስ ሲጠፋ ታያለች፤ ገዳዩም ተከትሏት በከተማው ውስጥ ያሳድዳታል። አሳሳሉ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ በ2019 የኤሚ ሽልማቶች ያገኘውም በዚሁ ነው። ነገር ግን አሳዳጁ ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ እሷ ለምን በአንዲት ሻሽ በመሰለች ካባ፥ ያውም እየተገለጠች፥ መሮጥ እንዳስፈለጋት አልገባኝም። የፈራች ሴት እንዴት እንደምትሮጥ የማያውቅ ሰው የሣለው ነው ያልኩት ለባለቤቴ ቢሆንም፥ እሱ ተኝቶ ነበር።

አንዱን ደግሞ እየተከራከርኩት ወደድኩት። «ዚማ ብሉ» ይባላል። በመላው ጠፈር የገነነ አንድ ሠዓሊ ለብዙ ዘመን ጋዜጠኛ ካላነጋገረ በኋላ አንዲት ሴት ጋዜጠኛ ብቻ ጠርቶ ምስጢሩን ይነግራታል። ነገሩ በሥራዬ ስለ ገባ ጆሮዬን አቀናሁ። ሠዓሊው ለካስ ሰው አልነበረም። ጥንት አንዲት ሴት የመዋኛ ገንዳዋን እንዲያጸዳላት የሠራችው ትንሽ መኪና ነበር፤ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲሸጋገር እየተሻሻለ ሰው መሰለ፤ ገነነም። በመጨረሻ ተመልካች ሁሉ ባለበት ገንዳ ውስጥ ገብቶ አካሉን እየበታተነ ወደ ቀድሞ ማንነቱ ይመለሳል፤ ሰድር ወደ መፈተግ። ደስታው እዚያ ነበር ይለናል ፊልሙ። ውብ ነው፤ አልክድም። ቢሆንም በየቀኑ የመታጠቢያ ቤት ሰድር የምትፈትግ ሴት ይህን ስታይ፥ ደራሲው በሕይወቱ ስንት ሰድር ፈትጎ ያውቃል ብላ መጠየቋ አይቀርም። የእህቴን ልጅ ይህን ብነግረው «አክስቴ፥ ነጥቡ እሱ አይደለም» አለኝ። ለእሱ ላይሆን ይችላል።

በጠፈር ላይ ብቻዋን ጥገና ስትሠራ በአደጋ ከመርከቧ የተለየችውን ሴትም አልረሳትም። ወደ መርከቧ ለመመለስ አንድ ነገር ወደ ኋላ መወርወር አለባት፤ የተወረወረው ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ እሷን ወደ ተቃራኒው ይገፋታል። ጓንቷን ወረወረች፤ አልበቃም። የቀራት በብርድ የደረቀ ክንዷ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል በሆነች ፊልም ውስጥ አንድም ወንድ መጥቶ አላዳናትም።

ልጄን እንቅልፍ የነሣው «ፖፕ ስኳድ» የሚባለው ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወደፊት በሚመጣ ዘመን ሰዎች ሕክምና እየወሰዱ ሳያረጁ መኖር ችለዋል። የሚሞት ከሌለ ለሚወለድ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ልጅ መውለድ ወንጀል ሆኗል። ሀብታሞቹ ከደመና በላይ በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ለዘላለም ወጣት ሆነው ይዘፍናሉ፥ ይጨፍራሉ። የወለዱ ሴቶች ደግሞ ከታች በዝናብና በጭቃ ውስጥ፥ በፈራረሱ ቤቶች ተደብቀው ልጅ ያሳድጋሉ። አንድ ፖሊስ ሥራው እነዚህን ቤቶች መፈተሽ ነው። ገና ሲጀመር ከአንዱ ቤት ይገባል፤ እናቲቱ እየጮኸች ትወሰዳለች፤ እሱ ከልጆቹ ጋር ይቀራል። አንዱ ልጅ አሻንጉሊት ዳይኖሰሩን ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጄ ነግሮኛል።

ይህን ፊልም ያዘጋጀችው ሴት መሆኗን ሳውቅ ደነገጥኩ። ጄኒፈር ዩ ኔልሰን ትባላለች፤ ደቡብ ኮርያ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ሁለተኛውን «ኩንግፉ ፓንዳ» ያዘጋጀችውም እሷ ናት። ያንን ፓንዳ ልጄ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከረጢቱም ላይ ተለጥፏል። እንግዲህ አንዲት ሴት በአንድ እጇ ልጄን ስታሥቅ ኖራ፥ በዚያው እጇ እኔን ለማስለቀስ የሠራችውን እኔ አንስቼ ለልጄ ሰጠሁት ማለት ነው። ሥዕል ቋንቋ እንጂ ዕድሜ አለመሆኑን የተማርኩት ከዚህ ነው። በአማርኛ የሕፃናት ተረትም የፍርድ ቤት ውሳኔም ይጻፋል፤ ፊደሉ አንድ ነው ብሎ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ለሕፃን የሚያነብለት ግን የለም።

ፖሊሱ ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ያጣል። አሻንጉሊት ከሚሸጥበት አንድ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ የወጣች ሴት ተከትሎ ከከተማ ውጭ ካለ ቤት ይደርሳል፤ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። ለመግደል የመጣው ሰው ግን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለዘላለም መኖር እየቻልሽ ይህን ሁሉ መከራ ለምን መረጥሽ? ይላታል። መልሷ ረዥም አይደለም፤ ዓለምን በልጇ ዓይን እንደ አዲስ የምታየው መሆኑን ነው የምትነግረው።

ሌሊቱ እኩል ሆኖ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ልጄን ለማየት ሄድኩ። መብራቱ እንደ በራ ተኝቷል። በሥራ ደክሜ ስገባ «እማዬ፥ ይህን እዪልኝ» ሲለኝ ስንት ጊዜ «ቆይ» እንዳልኩት ለመቁጠር ሞከርኩና ተውኩት። ማኅበሩ ዕለትም «ቆይ» ነበር ያልኩት፤ ይልቁንም «ቆይ» ከማለት ይቀላል ብዬ በሩን ዘጋሁት።

እናቴ ይህን ሁሉ ጭንቀቴን ስታይ ነገሩን ያጋነንኩት መሰላት። «እኔስ ስለ ጅቡ ስነግርሽ አድጌ የለም? ልጆቹን በላቸው፥ እናቲቱንም በላት እያልኩ። ምን ሆንሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ተረት ደምም ሞትም አይጎድለውም። ግን ያን ጊዜ ፈርቼ ጉልበቷ ሥር ስገባ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ እንደ ነበር አስታወስኩ። አንዳንዴም ጅቡ ልጅቷን ሊይዝ ሲል ፊቴን አይታ ታሪኩን ታጣምመዋለች፤ በማግሥቱ ያው ተረት ሲደገም ጅቡ ያልያዛትን ይይዛታል። «ተረት ተረት» ብላ ከፍታ፥ መልሱልኝ ብላ ትዘጋው ነበር፤ በሩ መዘጋቱን እናውቃለን። ቴሌቪዥኑ የልጄን ፊት አላየም። ሊያየው የሚገባው ሰው ደግሞ ማጀት ነበር።

እናቴ ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ቁጭ ብለሽ እዪው» አለች። ነገሩ በእሷ ዘንድ በዚያው አበቃ።

በዚህ መካከል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፥ ተመሳሳይ ዓይነት ሆኖ አፍሪካውያን የሠሩት መኖሩን ነገረችኝ። «ኪዛዚ ሞቶ» ይባላል፤ ከስዋሂሊ የተወሰደ ሲሆን የእሳት ትውልድ እንደ ማለት ነው። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ያወጣቸው አሥር አጫጭር ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች ናቸው፤ የዚምባብዌ፥ የኡጋንዳ፥ የደቡብ አፍሪካ፥ የናይጄሪያ፥ የኬንያና የግብፅ ሰዎች የሠሯቸው። የኛ ሰው ሥራ አለመኖሩ ቅር አሰኝቶኛል፤ ሠዓሊ ጠፍቶ ነው ብዬ ግን አላምንም።

ይህኛውን ቀድሜ ብቻዬን አየሁ። ከዚያም በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን፥ ልጄንና የወንድሜን ልጅ አስቀምጬ የኡጋንዳውን ከፈትኩ። ከብት ጠባቂ ለመሆን የምትመኝ የአንዲት ልጃገረድ ታሪክ ነው፤ እዚያ ዓለም ግን ከብት የሚጠብቁት ግማሽ አካላቸው ማሽን የሆነ ተዋጊዎች ናቸው። እናቴ በልጅነቷ ከብት ስለ ጠበቀች ከሁላችንም በላይ ፈነደቀች፤ ግን ዓይኗ ከተዋጊዎቹ ላይ ሳይሆን ከቀንዳቸው ረዥም ከብቶች ላይ ነበር። «እነዚህን ከብቶች ውኃ የሚያጠጣቸው ማነው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ልጆቹ ሲያልቅ «እንደገና!» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ልጄ ደስ ብሎት ስላየሁት ያንን የቆየ ጥያቄውን ላንሳው ብዬ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። እሱ ፊልሙን እስከ መጨረሻ አላየውም፤ ልጆቹ ሲገደሉ የወንድሜን ልጅ እጅ ይዞ ከብርድ ልብስ ውስጥ እንደ ገባ በኋላ ነግራኛለች። ስለዚህ ያላየውን ልነግረው አሰብኩ።

«ያ ፖሊስ እኮ፥» አልኩት፥ «በኋላ ሌላ ልጅ አገኘ። እሷን ግን አልገደላትም። እንዲያውም ሌላው ፖሊስ እንዳያገኛት ተከላከለላት፤ እሱ ራሱ ቆሰለ።»

ፊቱ በራ። አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ዳነች?»

«ዳነች።»

ዝም አለ። ነገሩ የተፈታ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ልስብለት ስል፥ «የመጀመሪያዎቹስ?» አለኝ።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ጥያቄ መጠየቅም መመለስም እንጀራዬ ነው። ብዙ ነገር ለማለት ይቻል ነበር፤ ፊልም ነው፥ እውነት አይደለም፥ ሥዕል ነው። «ካርቱን ነው» የሚለው ቃል ግን ካፌ አልወጣ አለኝ። «የመጀመሪያዎቹ አልተመለሱም» አልኩት። «ፖሊሱም ያን ረስቶት አያውቅም።»

«እኔም አልረሳሁትም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዳይኖሰሩ ጠየቀኝ፤ ማን ወሰደው አለኝ። በፊልሙ ውስጥ ምን እንደ ሆነ የማስታውሰውን ያህል ነገርኩት። እስኪተኛም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ መብራቱን ራሱ አጥፊው ስላለኝ አጠፋሁት።

ፍላሹ እስካሁን በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜም ነገ አልኩት። በ2022 የወጡትን ዘጠኙን ጭኖ እንዲመልስልኝ ለመጠየቅ አፍሬ ነው።